ለስልክ አፕ የኤአር ኪት አመራረጥ፦ ከኪቱ በፊት የተጠቃሚውን ስልክ እዩ

ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ባጭሩ ኤአር፣ ስልኩ በካሜራ በሚያየው እውነተኛ ቦታ ላይ የሌለን ነገር ጨምሮ የሚያሳይ ቴክኖሎጂ ነው። እንዲህ ያለ አፕ ለመሥራት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከኪቱ፣ ማለትም የኤአሩን ከባድ ሥራ ከሚሠራለት ዝግጁ የኮድ ስብስብ ነው። ዩኒቲ የሚባለው የጌምና የአፕ መሥሪያ ይጫናል፣ የዩቲዩብ ትምህርት ይከፈታል፣ ወለል ላይ አንድ ሳጥን ይቀመጣል፣ ደስ ይላል። ሥራው አልቆ ደንበኛው ስልክ ላይ ሊጫን ሲል ግን ፕሌይ ስቶር አፑ ከስልኩ ጋር እንደማይስማማ ይናገራል። የወራት ልፋት እዚያ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ እዚህ የምሄድበት ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ የተጠቃሚው ስልክ፣ ኪቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለት ምሳሌዎች ይዤ እሄዳለሁ። አንደኛው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የቤት ዕቃ ሻጭ ነው፤ ደንበኛው ኤል ሼፕ ሶፋውን ከመግዛቱ በፊት ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ እንዲያየው ይፈልጋል። ሁለተኛው የልጆች ፊደል መጽሐፍ አሳታሚ ነው፤ ልጁ ስልኩን ገጹ ላይ ሲያነጣጥር ሥዕሉ ከወረቀቱ ተነሥቶ እንዲንቀሳቀስለት ይፈልጋል። ሁለቱም "ኤአር" ይባላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ኪት ግን ለየቅል ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

"ተጠቃሚው ካሜራውን እንትን ላይ ሲያነጣጥር እንትንን ያያል" ብላችሁ ጻፉና ሁለቱን እንትኖች በትክክለኛው ስም ተኩ። ኪቱን የሚወስነው የመጀመሪያው ነው።

"ወለል" ወይም "ጠረጴዛ" ከሆነ የምትፈልጉት ጠፍጣፋ ገጽ የሚለይ ኪት ነው። ለዚህ የጎግሉን ኤአርኮርና የአፕሉን ኤአርኪት የሚያህል የለም። ሁለቱም በ2017 የወጡ ናቸው፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

"ገጽ"፣ "ፖስተር" ወይም "ካርድ" ከሆነ የምትፈልጉት ምስል የሚለይ ኪት ነው። ኤአርኮርና ኤአርኪትም ይችላሉ፤ ነገር ግን ቺፕ ሠሪው ኳልኮም ውስጥ ተወልዶ በ2015 ፒቲሲ ለሚባል የሶፍትዌር ኩባንያ የተሸጠው ቩፎሪያ የሚባል ኪት በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ልምድ አለው። በድረ ገጽ በኩል ከሆነ ደግሞ ማይንድኤአር የሚባል ኮዱ ክፍት የሆነ ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) አለ።

"ፊት" ከሆነ፣ ማለትም መነጽር ወይም የፀጉር አሠራር የሚያስሞክር አፕ ከሆነ፣ ኤአርኮር ፊትን በ468 ነጥቦች ይከተላል፤ ኤአርኪትም የራሱ አለው። "ማሽን" ከሆነ፣ ለምሳሌ ጄኔሬተር ላይ አነጣጥሮ የጥገና ምልክት የሚያሳይ፣ ቩፎሪያ ሞዴል ታርጌት የሚለው ዘዴ ይሻላል፤ ግን የማሽኑን የሦስት አቅጣጫ ንድፍ ፋይል ይጠይቃችኋል።

"ሕንፃ" ወይም "አደባባይ" ከሆነ ቆም በሉ። ጎግል በ2022 ያወጣው የጂኦስፓሻል አገልግሎት ካሜራው የሚያየውን ስትሪት ቪው ከሚባሉት የጎግል የመንገድ ፎቶዎች ከተሠራ መረጃ ጋር አመሳክሮ ነው ቦታውን የሚያውቀው። መረጃው በሌለበት ቦታ የሚቀራችሁ ጂፒኤስ ብቻ ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ በሜትሮች ይስታል። አገልግሎቱ አንድ ቦታ ላይ መኖር አለመኖሩን በኮድ መጠየቅ ይቻላል። ላሊበላ ወይም ፋሲል ግቢ ላይ አስጎብኚ አፕ ያሰበ ሰው ሌላ መስመር ከመጻፉ በፊት ይህን ጥያቄ ያስቀድም። መልሱ "የለም" ከሆነ በየጣቢያው የታተመ ሰሌዳ አቁሞ ምስሉን ማስነበብ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሁለተኛው እንትን ዕቃውን በጣት እያዞሩ ማየት ብቻ ከሆነ ኤአር አያስፈልጋችሁም። ተራ የሦስት አቅጣጫ ማሳያ ይበቃል፤ ማንኛውም ስልክ ላይም ይሠራል።

2. የተጠቃሚዎቹን ስልክ ዝርዝር ሰብስቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምላችሁ ይህን ነው።

ኤአርኮር አንድሮይድ ሁሉ ላይ አይሠራም። አንድሮይድ 7.0 እና ከዚያ በላይ መሆኑ አይበቃም። ጎግል ስልኮችን ሞዴል በሞዴል እየፈተነ ነው የሚያጸድቀው፤ ካሜራውን፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹንና የፕሮሰሰሩን ጉልበት ያያል። ምክንያቱም ስልኩ ክፍሉ ውስጥ የት እንዳለ የሚያውቀው ካሜራው የሚያያቸውን ነጥቦች ጋይሮስኮፕና አክስለሮሜትር ከሚባሉት የስልኩን መዞርና መንቀሳቀስ ከሚለኩ ሴንሰሮች ንባብ ጋር አጣምሮ ነው። ርካሽ ስልክ ሲሠራ ቶሎ ከሚቀነሱት ነገሮች አንዱ ጋይሮስኮፑ ነው።

የእኛ አገር ገበያ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል፣ የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ። ከነዚህ ውስጥ ዝርዝሩ ላይ ያሉ ሞዴሎች አሉ፣ የሌሉም ብዙ አሉ፤ የአንድ ኩባንያ ስልክ መሆኑ ብቻ ምንም አይነግራችሁም። ከ2019 በኋላ የወጡት አብዛኞቹ ሁዋዌዎች የጎግል አገልግሎት ስለሌላቸው ኤአርኮር አይታሰብም፤ ሁዋዌ ለራሱ ስልኮች ኤአር ኢንጂን የሚባል ሌላ ኪት አለው።

አሰባሰቡ እንዲህ ነው። ሻጩን ወይም ትምህርት ቤቱን ሠላሳ የሚያህሉ ደንበኞችን ወይም ወላጆችን የስልካቸውን ሞዴል እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ። ሞዴሉ ሴቲንግ ውስጥ "አባውት ፎን" የሚለው ቦታ ላይ ተጽፏል። "ሳምሰንግ ነው" የሚል መልስ አይረባም፤ ሙሉ ስሙ ነው የሚፈለገው። ከዚያ ጎግል ለዲቨሎፐሮች ባዘጋጀው ገጽ ላይ ካለው የተፈቀዱ ስልኮች ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ስልኩ እጃችሁ ላይ ካለማ የበለጠ ቀላል ነው፦ ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ "ጎግል ፕሌይ ሰርቪስስ ፎር ኤአር" የሚለውን ፈልጉ። መጫን ከቻለ ስልኩ ይችላል። "አይስማማም" ካለ ነገሩ አለቀ።

ከሠላሳው ከግማሽ በላዩ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ እኔ ብሆን በኤአርኮር ላይ ብቻ የተመሠረተ አፕ አልጀምርም። ለደንበኛውም ይህንኑ ቁጥር አሳይቼ እነግረዋለሁ፤ ቁጥሩን ሲያይ ይገባዋል።

አይፎን ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ኤአርኪት ከአይፎን 6ኤስ ጀምሮ ይሠራል፤ ዛሬ ሰው እጅ ላይ ያለ አይፎን ሁሉ ማለት ይቻላል። ስለዚህ የፊደል መጽሐፉ የሚሸጠው ዋሽንግተን ዲሲ ወይም አትላንታ ላሉ፣ ልጆቻቸውን አማርኛ ለማስተማር ለሚታገሉ ወላጆች ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። እዚያ አይፎን በብዛት አለ፣ ዳታም አያስጨንቅም። አዲስ አበባና ደሴ ላሉ ትምህርት ቤቶች ከሆነ ግን ከታችኛው ስልክ ተነሡ። ሁለቱም ገበያ ከተፈለገ ዝርዝሩን ለየብቻ ሰብስቡ እንጂ አትደባልቁት።

ኤአርኮርን ከመረጣችሁ በአፑ መግለጫ ፋይል (ማኒፌስት) ላይ ኤአርኮርን "የግድ" ወይም "አማራጭ" ብላችሁ ትወስናላችሁ። "የግድ" ካላችሁ ፕሌይ ስቶር አፑን ከማይችሉ ስልኮች ይደብቀዋል፤ ሰውየው ፈልጎም አያገኘውም። "አማራጭ" ካላችሁ ሁሉም ይጭነዋል፣ እናንተ ደግሞ ስልኩ መቻሉን በኮድ አጣርታችሁ ለማይችለው ተራውን የሦስት አቅጣጫ ማሳያ ትሰጡታላችሁ። ሁልጊዜ "አማራጭ" በሉት። ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ግን ማንም ባዶ እጁን አይመለስም።

3. ሥራው "ወለል ላይ አስቀምጦ ማየት" ከሆነ አፕ ሳትሠሩ ሞክሩት

የሶፋው ነጋዴ አፕ ነው የጠየቃችሁ። የሚያስፈልገው ግን አፕ ላይሆን ይችላል።

ጎግል ያዘጋጀው ሞዴል ቪውወር የሚባል ነፃ የድረ ገጽ መሣሪያ አለ። ሶፋውን ጂኤልቢ በሚባል የሦስት አቅጣጫ ሞዴል ፋይል ታስቀምጣላችሁ፣ ገጹ ላይ ጥቂት መስመር ትጽፋላችሁ። ደንበኛው ሊንኩን ሲከፍት ሶፋው ይታየዋል፤ የኤአር ምልክቱን ሲነካ አንድሮይድ ላይ ሲን ቪውወር፣ አይፎን ላይ ኩዊክ ሉክ የሚባሉት የስልኩ የራሱ ማሳያዎች ይከፈታሉ። የሚጫን አፕ የለም። ስልኩ ኤአር ባይችል እንኳ ሶፋውን እያዞረ ያየዋል። አይፎኑ የሚፈልገው ዩኤስዲዜድ የሚባል ፋይል ነው፤ መሣሪያው ራሱ ሊያዘጋጅላችሁ ይችላል፣ ነገር ግን ጨርቁና ቀለሙ በትክክል እንዲታይ ከፈለጋችሁ ለብቻው ሠርታችሁ ብታስቀምጡ ይሻላል።

እዚህ ላይ መጠን ወሳኝ ነው። የጂኤልቢ ፋይል መለኪያ ሜትር ነው። ሶፋው 2 ሜትር ከ10 ከሆነ ሞዴሉም 2.1 መሆን አለበት። ብሌንደር በሚባለው የሦስት አቅጣጫ መሥሪያ ስትሠሩ መጠኑን አስተካክላችሁ "አፕላይ" ማለትን አትርሱ። ከዚያ ደንበኛው በሁለት ጣት እያሳነሰ እንዳይለውጠው የኤአር መጠኑን ቆልፉት፤ ለዚህ የሚሆን አንድ ቃል መሣሪያው ውስጥ አለ። ካልቆለፋችሁት ሰውየው ሶፋውን ሳያውቀው አሳንሶ "ይገባል" ብሎ ይገዛል፣ ሶፋው መጥቶ በሩ ላይ ይቀራል፣ ጠቡ ከነጋዴው ጋር ይሆናል።

የፋይሉ ክብደትም እንዲሁ። የኔ ልክ ለአንድ ዕቃ 5 ሜጋባይት ነው። ከዚያ በላይ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በጨርቁ ምስል ምክንያት ነው፤ ምስሉን ከ4ኬ ወደ 1ኬ አውርዱት፣ ስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን ማንም አያይም። ሊንኩ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ባለው ብራውዘር የኤአሩ ምልክት እምቢ ሊል ስለሚችል "በክሮም ክፈቱት" የሚል አንድ መስመር ከሊንኩ በታች ጻፉ።

ይህ መንገድ የማይበቃው ደንበኛው ሦስት አራት ዕቃ ባንድ ላይ አስቀምጦ፣ ቀለም ለውጦ፣ ዋጋ ደምሮ፣ አስቀምጦ ነገ እንዲመለስበት ሲፈለግ ነው። እንዲያ ከሆነ እውነተኛ አፕ ያስፈልጋል፤ ወደ አምስተኛው እለፉ።

4. ሥራው ምስል መለየት ከሆነ ኪቱን ሳይሆን መጀመሪያ ገጹን ፈትኑት

የፊደል መጽሐፉ ጋ ስንመጣ ኪት ሲለዋወጥ የሚባክን ብዙ ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የገጹ ነው።

ነጭ ገጽ ላይ ትልቅ ጥቁር "ሀ" አስቡ። ለእኛ በጣም ግልጽ ነው። ኪቱ ግን ፊደል አያነብም። የሚፈልገው ጥርት ያሉ ጥጎችንና የብርሃንና የጨለማ ልዩነቶችን ነው፤ "ሀ" ላይ የሚያገኘው ጥቂት ጥግ ብቻ ነው፣ የቀረው ባዶ ነጭ ነው። "ሁ"ን ብታስከትሉ ደግሞ ልዩነቷ ጎኗ ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥል ናት። "ደ"ን ከ"ዳ"፣ "ጸ"ን ከ"ጻ" ለይ ብትሉት ይሳሳታል። ስለዚህ ኢላማው፣ ማለትም ኪቱ እንዲለየው የምትሰጡት ምስል፣ ፊደሉ ብቻ መሆን የለበትም። ከፊደሉ ጋር ያለው ሥዕል፣ ሀብሐቡ፣ በጉ፣ ቤቱ፣ ጠቅላላ ገጹ ይሁን።

ቀለም አይረዳችሁም። ኤአርኮር ምስል ሲለይ ቀለሙን አይጠቀምበትም፤ ብርሃኑን ብቻ ነው የሚያየው። አንዱን ገጽ አረንጓዴ፣ ሌላውን ቀይ በማድረግ ሊለዩ አይችሉም። ገጾቹን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ ተመልከቷቸው፤ ለእናንተ ከተመሳሰሉ ለእሱም ይመሳሰላሉ።

የጥበብ ጠርዝም ችግር ነው። መጽሐፎቻችን ላይ የገጹን ዳር በጥበብ ማስጌጥ እንወዳለን፤ ያምራል። ግን የሚደጋገም ቅርጽ ኪቱን ግራ ያጋባል፣ በየገጹ ያው ጠርዝ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለኪቱ የምትሰጡትን ምስል ከጠርዙ ውስጥ ቆርጣችሁ አውጡት። ጠርዙ መጽሐፉ ላይ ይቆይ፤ ኢላማው ውስጥ ግን አይግባ።

አሁን ውጤቱን በቁጥር እዩ። ኤአርኮር ከኪቱ ጋር arcoreimg የሚባል ትንሽ የኮማንድ መሣሪያ ይሰጣችኋል። ምስል ሲሰጡት ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ 75 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ነው ጎግል የሚመክረው። ምስሉ ቢያንስ 300 በ300 ፒክስል ይሁን። ቩፎሪያ ደግሞ ምስሉን ስትጭኑለት በኮከብ ይመዝናል፣ እስከ 5። ይህን ሁሉ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አድርጉት! ከታተመ በኋላ ሠዓሊውን መጥራት ዋጋ የለውም።

መጠኑ አያስፈራችሁ። አንድ የኤአርኮር የምስል ማኅደር እስከ 1000 ምስል ይይዛል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከነሰባቱ ቤታቸው 231 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ገጽ ብትሰጡ እንኳ ይበቃል። ልብ የሚባለው ሌላ ነው፦ ገጹ መጀመሪያ እንዲታወቅ የካሜራውን እይታ ሩብ ያህል መሙላት አለበት፣ ወረቀቱም ጠፍጣፋ መሆን አለበት። በሙጫ የተጠረዘ፣ ሲከፈት መሃሉ የሚጎብጥ መጽሐፍ ያስቸግራል። የሚያብረቀርቅ ወረቀትም አምፖሉን መልሶ ካሜራው ላይ ይተኩሳል። አሳታሚው ደብዛዛ ወረቀትና ተዘርግቶ የሚተኛ አጠራረዝ እንዲመርጥ ቀድማችሁ ንገሩት።

ኪቱስ? ስልኮቹ ኤአርኮርን የሚችሉ ከሆነ እሱንና ኤአርኪትን ተጠቀሙ። የማይችሉ ከበዙ ቩፎሪያ ይሻላል፤ ኤአርኮር ባለበት ይጠቀምበታል፣ በሌለበት ምስሉን በራሱ ዘዴ ይከተላል። ለመጀመሪያ የሚሆን ነፃ ዕቅድ አለው፤ ገደቦቹን ግን የፈቃዱ ገጽ ላይ ቃል በቃል አንብቡ። ምንም መክፈል ካልተቻለ ማይንድኤአር አለ፤ ብራውዘር ላይ ይሠራል፣ ጋይሮስኮፕ አይጠይቅም፣ ደካማ ስልክ ላይ ግን ይንቀራፈፋል። የድረ ገጹ አድራሻ ኤችቲቲፒኤስ በሚባለው ደኅንነቱ የተጠበቀ መንገድ ካልሆነ ብራውዘሩ ካሜራውን አይሰጣችሁም።

አፑ ለልጆች ከሆነ ደግሞ የፕሌይ ስቶር የቤተሰብ ደንብ አለ። የኤአሩ ክፍል ሲከፈት ወዲያው የጥንቃቄ መልእክት ማሳየት ግዴታ ነው፦ ወላጅ አብሮ እንዲሆን፣ ልጁም አካባቢውን እንዲያይ። በአማርኛ ጻፉት፣ በድምፅም አስነብቡት፤ ፊደል እየተማረ ያለ ልጅ ገና አያነብም።

5. አንድ ኮድ ለሁለቱ ወይስ ለየብቻ

እውነተኛ አፕ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የዩኒቲ ኤአር ፋውንዴሽን ነው፤ እሱ ራሱ ቦታ የሚለይ ኪት አይደለም። እናንተ አንዴ ትጽፋላችሁ፤ እሱ አንድሮይድ ላይ ኤአርኮርን፣ አይፎን ላይ ኤአርኪትን ይጠራል። ስለዚህ ኤአርኮር የማይችልን ስልክ ዩኒቲ አያስችለውም። ሁለቱንም ገበያ ለሚፈልግ አነስተኛ ቡድን የምመክረው እሱን ነው። የዩኒቲ ግለሰባዊ ፈቃድ ዓመታዊ ገቢያችሁ ከ200,000 ዶላር እስካላለፈ ነፃ ነው። በ2023 በየጭነቱ ሊያስከፍሉ አስበው ዲቨሎፐሩ ሁሉ ተቆጥቶ በ2024 ሰርዘውታል። ጉዳቱ አፑ ከመጀመሪያው ከበድ ማለቱ ነው፤ በዳታ ለሚያወርድ ሰው ይሰማዋል።

ሁለተኛው ለየብቻ መሥራት ነው፦ አይፎን ላይ ስዊፍት በሚባለው የኮድ ቋንቋና ሪያሊቲኪት በሚባለው የአፕል ማሳያ፣ አንድሮይድ ላይ ኮትሊን በሚባለው የኮድ ቋንቋ። አንድሮይድ ላይ ጎግል ሲንፎርም የሚባለውን የራሱን ማሳያ ላይብረሪ በ2020 አቁሞታል፤ ዛሬ ሰው የሚጠቀመው ኮሚኒቲው የሚያስቀጥለውን ሲንቪው ነው። የድሮ ትምህርት ስትከተሉ "ሲንፎርም" የሚል ካያችሁ ዝለሉት። ፍላተር በሚባለው የጎግል አፕ መሥሪያ ለምትሠሩም የኤአር ፕለጊኖች (ተጨማሪ ኮዶች) አሉ፣ ግን የብዙዎቹ ዝመና የሚያዘግም ነው፤ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን ሳታዩ አትያዙ።

አይፎንን ከነካችሁ ማክ ያስፈልጋል፣ ለአፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይከፈላል። ፕሌይ ስቶር አንዴ 25 ዶላር ነው። አገር ቤት ላለን ሰዎች ብሩ ቢኖርም ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ በወር የሚከፈልበት ኪት ከመምረጣችሁ በፊት ማን በምን ካርድ እንደሚከፍል ወስኑ። ካርዱ አንድ ወር ቢቋረጥ አፑ ይዘጋል ወይ የሚለውንም ጠይቁ።

የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይም አለ። ዩኒቲ ውስጥ ጽሑፍ የሚያሳየው ቴክስትመሽፕሮ ይዞት የሚመጣው ፎንት የእኛ ፊደል የለውም። "ሰላም" ብላችሁ ብትጽፉ ባዶ ሳጥኖች ይመጣሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት አስገቡ፣ ከእሱ የፎንት አሴት ፍጠሩ፣ የዩኒኮዱን ክልል ከ1200 እስከ 137ኤፍ ስጡት። ፊደሎቹ ካልበቁት የአትላሱን (ፊደሎቹ የሚደረደሩበትን ምስል) መጠን ወደ 2048 ፒክስል ከፍ አድርጉ። ይህን መጀመሪያ ቀን ላይ ሞክሩ።

6. ኪቱ ነገም ይኖራል ወይ?

በዚህ ሙያ ኪት ይሞታል። ሜታዮ የሚባል የጀርመን ኪት ብዙ ተጠቃሚ ነበረው፤ አፕል በ2015 ገዛውና ለሌላው ዲቨሎፐር ተዘጋ። ጎግል ከኤአርኮር በፊት የነበረውን ታንጎ የሚባል የኤአር ሥራውን በ2018 ዘጋ። ኦስትሪያዊው ኪት ዊኪቲዩድ በ2021 ለኳልኮም ተሸጠ፣ በ2024 ቆመ። የፌስቡክና የኢንስታግራም የኤአር ፊልተር መሥሪያ የነበረው ሜታ ስፓርክ ጃንዋሪ 2025 ላይ ተዘጋ። በድረ ገጽ የሚሠራውን ኪት ኤይትዝ ዎልን ፖክሞን ጎን የሠራው ኒያንቲክ በ2022 ገዛው፣ እንደሚዘጋም በ2025 ተነገረ። በነዚህ ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸውን እንደ አዲስ ነው የጀመሩት።

ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት የኪቱን የዝመና ገጽ ክፈቱ። የመጨረሻው ዝመና መቼ ወጣ? ከአዲሱ አንድሮይድና አይኦኤስ ጋር ተስማምቷል? ባለቤቱ ኤአርን ለምን ይፈልገዋል? ጎግልና አፕል ስልካቸው እንዲፈለግ ብለው ይይዙታል፤ ኪት በመሸጥ ብቻ የሚኖር ትንሽ ኩባንያ ግን ነገ ሊገዛ ይችላል። ኪቱ ሲከፈት ፈቃዱን ከሰርቨር የሚያጣራ ከሆነ ሰርቨሩ የጠፋ ቀን የወጣው አፓችሁም ይጠፋል።

መከላከያው ብዙ አያስወጣም። ሞዴሎቻችሁን ሁሉ በጂኤልቢ አስቀምጡ፣ ኪቱ በሚያወጣው የራሱ ቅርጽ ብቻ አትተዋቸው። የኢላማ ምስሎቹን ዋና ፋይል ያዙ። ኮዱ ውስጥ ኪቱን የሚጠራው አንድ ክፍል ብቻ ይሁን፤ "ገጹ ታየ"፣ "ገጹ ጠፋ"፣ "ወለል ተገኘ" የሚሉትን ለቀረው አፕ እሱ ያስተላልፍ። ኪት ስትቀይሩ የምትነኩት ያንን ክፍል ብቻ ይሆናል።

7. ሁለት ኪት አስቀሩና ቤት ውስጥ አወዳድሯቸው

እስካሁን ያለው ተጣርቶ ሁለት ኪት ከቀረ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ ትንሽ አፕ ሥሩ። የናንተን ስልክ ተዉት። ከሠላሳው ዝርዝር ውስጥ ከታች ያለውን ስልክ ተበደሩ።

ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፣ ዕቃውን ልክ እሱ ላይ አስቀምጡ። ክፍሉን ዙሩ፣ ካሜራውን ወደ ግድግዳ መልሱ፣ ወደ ቦታው ተመለሱ። ዕቃው ከፕላስተሩ ስንት ሴንቲሜትር ሸሸ? በሜትር ለኩት። ለሶፋ 5 ሴንቲሜትር ያስኬዳል፤ መጽሐፍ ላይ ለቆመ በግ ግን 1 ሴንቲሜትርም ያስታውቃል።

ይህንኑ በተለያየ ወለል ድገሙት። ምንጣፍ ላይ ሁሉም ኪት ጎበዝ ነው፤ ጥለት ስላለው የሚይዘው ነጥብ ያገኛል። ፈተናው ሊሾ ነው። ወጥ ቀለም ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክም እንደዚያው ነው፤ ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን ነጸብራቅ አብሯችሁ ስለሚንቀሳቀስ ዕቃው ይንሸራተታል። ምሽት ላይ በአንድ አምፖልም ሞክሩ፣ ምክንያቱም ሰው ሶፋ የሚመርጠው ከሥራ ገብቶ ነው። ወለሉ ተገኝቶ ዕቃው እስኪታይ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በየቦታው ጻፉ። ከ10 ሰከንድ በላይ ከሆነ "ስልኩን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱ" የሚል ምልክት ስክሪኑ ላይ ያስፈልጋል።

ከዚያ አሥር ደቂቃ ሳታቋርጡ ክፈቱት። ስልኩ ምን ያህል ጋለ፣ ባትሪው ስንት ወረደ፣ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ? በመጨረሻ ዳታውንና ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አፑን ዝጉና ክፈቱት። ኔትወርክ ሳይኖር የማይነሣ ኪት ለትምህርት ቤት መጽሐፍ አይሆንም።

ውጤቱን በአንድ ሠንጠረዥ አስገቡ፦ ስልክ፣ ወለል፣ ብርሃን፣ ሰከንድ፣ ሴንቲሜትር። ተቀራራቢ ከሆኑ ያለ ክፍያና ያለ ሰርቨር የሚሠራውን ያዙ። የመረጣችሁትን ኪት የዝመና ቁጥር ፕሮጀክቱ ውስጥ ቆልፉት፣ በራሱ እንዲታደስ አትፍቀዱለት። አዲስ ዝመና ሲወጣ ያንኑ ስልክ፣ ያንኑ ወለልና ያንኑ ፕላስተር ይዛችሁ እንደገና ለኩ፤ ቁጥሩ ካልባሰ አሳድጉት።